የደም ዓይነቶች፦ ከቪየና ቤተ ሙከራ እስከ ሾተላይ መርፌ

የደም ዓይነት ማለት ቀይ የደም ሕዋሳት በላያቸው በሚሸከሟቸው አንቲጂኖች (የባዕድ ሰውነት ሊለያቸውና ሊዋጋቸው በሚችል ምልክቶች) መሠረት የሰው ደም የሚመደብበት ክፍል ነው። በሕክምና እጅግ የታወቁት ኤቢኦ እና አርኤች የተባሉት ሥርዓቶች ናቸው። አንድ ሰው «ኦ ፖዘቲቭ ነኝ» ወይም «ኤ ኔጋቲቭ ነኝ» ሲል የሁለቱን ውጤት ባንድ ላይ መናገሩ ነው። ኤቢኦን በ1901 ያስታወቀው፣ ከአርባ ዓመት በኋላም በአርኤች ግኝት ላይ የተሳተፈው፣ ኦስትሪያዊው ሐኪም ካርል ላንድስታይነር ነው (በዚህ መጣጥፍ ያሉት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው)። ከእሱ በፊት ደም የተሰጠው በሽተኛ መዳኑም መሞቱም ምክንያቱ አይታወቅም ነበር። ከእሱ በኋላ ግን ነገሩ ሁሉ ወደ አንድ ጥያቄ ወረደ፤ የዚህ ሰው ደም ከዚያኛው ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም? መልሱም ዝምድናን የማይከተል ሆኖ ተገኘ። የእናት ልጅ ወንድም ደም ሳይስማማ ቀርቶ፣ ከማያውቁት ሰው የተቀዳ ደም ነፍስ ሊያተርፍ ይችላል።

ምርመራውን ማንም ቆሞ ሊያየው ይችላል። ባለሙያዋ የተመርማሪውን ጣት ወጋ አድርጋ ነጭ ሰሌዳ ላይ ሦስት ጠብታ ደም ታሳርፋለች። ከዚያም በአንደኛው ላይ ሰማያዊውን ፀረ ኤ፣ በሁለተኛው ላይ ቢጫውን ፀረ ቢ፣ በሦስተኛው ላይ ቀለም የሌለውን ፀረ ዲ ትጨምራለች። እያንዳንዱን ለየብቻ በስንጥር አማስላ ሰሌዳውን ቀስ እያደረገች ወዲያና ወዲህ ታዘነብለዋለች። ብዙም ሳይቆይ ከጠብታዎቹ አንዱ እንደ ደቃቅ አሸዋ ፍርፍር ማለት ይጀምራል፤ ሌላው ልሙጥ እንደሆነ ይቀራል። በሰማያዊው ከተጓጎለ ኤ፣ በቢጫው ከተጓጎለ ቢ፣ በሁለቱም ከሆነ ኤቢ፣ በሁለቱም ካልሆነ ኦ ነው። ሦስተኛው ጠብታ ዲ የተባለው የአርኤች አንቲጂን ያለውን (ፖዘቲቩን) ከሌለው (ከኔጋቲቩ) ይለያል። ይህ መጓጎል ቁስል ላይ ከሚታየው የደም መርጋት ፈጽሞ የተለየ ነው። እዚህ የሚሆነው ቀይ ሕዋሳቱ በፀረ እንግዳ አካላት ተይዘው እርስ በርስ መጣበቃቸው ነው።

ሰው ደም ከአንዱ አካል ወደ ሌላው ለማስተላለፍ መሞከር የጀመረው ከዚህ እውቀት ብዙ ቀደም ብሎ ነው። እንግሊዛዊው ዊልያም ሃርቪ ደም በሰውነት ውስጥ እንደሚዘዋወር በ1628 ካሳተመ አርባ ዓመት ሳይሞላ፣ በ1667 ፈረንሳዊው ሐኪም ዣን ባቲስት ደኒ የበግ ጠቦት ደም በትኩሳት ለተዳከመ የ15 ዓመት ልጅ ሰጠ። ልጁ ተረፈ። ከዚያ በኋላ የጥጃ ደም ደጋግሞ የተሰጠው አንትዋን ሞሯ የተባለ የአእምሮ ሕመምተኛ ግን ሞተ፤ ነገሩም ፍርድ ቤት ደርሶ ሥራው በፈረንሳይ ታገደ። ከዚያ ወዲህ ደም መስጠት ለ150 ዓመት ያህል ተዳፍኖ ቆየ።

ዳግመኛ ያነሳው የለንደኑ አዋላጅ ሐኪም ጄምስ ብለንደል ነው። በወሊድ ጊዜ ደም ፈሷቸው በዓይኑ ፊት የሚሞቱት እናቶች ዕረፍት ስለነሱት፣ ለሰው የሚሰጠው የሰው ደም ብቻ መሆን አለበት ብሎ ከ1818 ጀምሮ ሙከራውን በሰው ደም አካሄደ። ከበሽተኞቹ አንዳንዶቹ ዳኑ፤ ሌሎቹ ሞቱ። የእንስሳ ደም ለምን እንደሚገድል ጀርመናዊው ሌዮናርድ ላንዷ በ1875 አሳየ፤ የአንዱ እንስሳ ሕዋሳት በሌላው ሴረም (ከረጋ ደም ተለይቶ በሚቀረው ፈሳሽ) ውስጥ ሲገቡ ይጓጉላሉ፣ ይፈነዳሉም። ከሰው ወደ ሰው ሲሰጥ የሚደርሰው ሞት ግን ምስጢር ሆኖ ቀጠለ።

ላንድስታይነር በ1868 ቪየና አጠገብ ተወለደ። አባቱ የታወቀ ጋዜጠኛ ነበር፤ ልጁ ስድስት ዓመት ሲሞላው ሞተ። ካርል በ1891 በሕክምና ከተመረቀ በኋላ ወደ በሽተኛ አልጋ አልሄደም፤ በኤሚል ፊሸርና በሌሎች ታላላቅ ኬሚስቶች ቤተ ሙከራ ኬሚስትሪ ተማረ። ለኋላው ሥራው ትልቁ ስንቅ ይህ ይመስላል፤ በሽታን ብቻ ሳይሆን በበሽታው ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር መፈለግ የለመደው እዚያ ነውና። በቪየና ዩኒቨርሲቲ የበሽታ ምርምር ተቋም በቆየባቸው ዓመታት ከ3,600 በላይ አስከሬን መርምሯል። ከአስከሬኑ ክፍል ሲወጣ ወደ ማይክሮስኮፑ ይሄድ ነበር።

የአንዱ ሰው ሴረም የሌላውን ሰው ቀይ ሕዋሳት አንዳንዴ እንደሚያጓጉል ሌሎችም አይተዋል። በለንደን ሳሙኤል ሻቶክ ይህንኑ በሳንባ ምች በሽተኞች ደም ላይ ተመልክቶ የበሽታ ምልክት አድርጎ ወሰደው። በዘመኑ እንዲህ ማሰብ ተገቢ ነበር፤ የሚመረመረው የበሽተኛ ደም ነውና። ላንድስታይነር ግን ጥያቄውን ገለበጠው፤ ጤነኛ ሰዎችስ? ለዚህም ደሙን ከሩቅ አላስመጣም። ከራሱና አብረውት ከሚሠሩት፣ ከሽቶርክ፣ ከስቱርሊ፣ ከፕሌችኒግ፣ ከኤርድሃይምና ከዛሪች ቀዳ። የእያንዳንዱን ሴረም ከእያንዳንዱ ቀይ ሕዋሳት ጋር አንድ በአንድ ቀላቅሎ በተጓጎለበት መደመር፣ ባልተጓጎለበት መቀነስ እያደረገ ሠንጠረዥ ሞላ። ማንም ሰው በራሱ ሴረም አልተጓጎለም። የስቱርሊና የኤርድሃይም ደም አንድ ዓይነት ጠባይ አሳየ፤ የፕሌችኒግና የዛሪች ደግሞ ሌላ። የላንድስታይነርና የሽቶርክ ቀይ ሕዋሳት በማንም ሴረም አልተነኩም፤ የእነሱ ሴረም ግን የአራቱንም አጓጎለ።

ሁሉም ጤነኞች ነበሩ። ስለዚህ መጓጎሉ በሽታ አይደለም፤ የሰው ደም ራሱ በተፈጥሮው የተለያየ ነው። ላንድስታይነር በጠቅላላው የ22 ሰዎችን ደም መርምሮ ኤ፣ ቢ እና ሲ ያላቸውን ሦስት ምድቦች በ1901 በአንድ የቪየና የሕክምና ሳምንታዊ መጽሔት አወጣ። ሲ የተባለው ኋላ ኦ ሆነ። ጽሑፉ አጭር ነው፤ መጨረሻው ላይ ይህ ልዩነት ደም መስጠት አንዴ እያዳነ አንዴ የሚገድልበትን ምክንያት እንደሚያስረዳ ጠቆም አድርጎ ያልፋል። በዓመቱ ደስቴሎ የተባለ ሐኪምና ያው ስቱርሊ 155 ሰዎችን መርምረው አራተኛውንና ብርቁን ምድብ፣ ኤቢን፣ ጨመሩ። ላንድስታይነር ያላገኘው ከመረመራቸው 22 ሰዎች አንድም ኤቢ ስላልነበረ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲታተም ዓለም ሁሉ ይነሳል ብሎ የሚጠብቅ ይኖር ይሆናል። አልተነሳም። በ1908 በኒውዮርክ አሌክሲስ ካሬል ደም እየፈሰሳት ያለችን አንዲት ጨቅላ ለማትረፍ የአባቷን የክንድ ደም ቅዳ ቧንቧ ከልጅቷ የእግር ደም መልስ ጋር በቀጥታ ሰፋ፤ ልጅቷ ተረፈች፣ ዓለምም የስፌቱን ጥበብ አደነቀ። የሁለቱ ደም መስማማቱን አስቀድሞ የጠየቀ ግን አልነበረም። በዚያችው ከተማ ሩበን ኦተንበርግ የተባለ ወጣት ሐኪም ደግሞ ከ1907 ጀምሮ የሰጪውንና የተቀባዩን ደም ከመስጠቱ በፊት እያቀላቀለ መፈተሽ ጀምሮ ነበር። ዛሬ በየሆስፒታሉ «ክሮስማች» የሚባለው ምርመራ ከዚያ ይነሳል። በፕራግ ያን ያንስኪ በ1907፣ በአሜሪካ ዊልያም ሞስ በ1910፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ አራቱን ምድቦች በሮማ ቁጥር ሰየሙ። ያንስኪ አንደኛ ያለው ኦን ሲሆን ሞስ አንደኛ ያለው ኤቢን ነበር፤ አራተኛውም እንዲሁ የተገላቢጦሽ ሆነ። ይህ በበሽተኛ ሕይወት ላይ አደጋ የሚያስከትል ስህተት ነበር፤ ፊደሎቹ የቁጥሮቹን ቦታ እስኪወስዱ ድረስም ዓመታት አለፉ።

ሌላው ችግር ደሙ ከወጣ በኋላ መርጋቱ ነበር። በ1914 ቤልጂጋዊው አልበርት ሁስታን በብራሰልስ፣ ሉዊስ አጎቴ ደግሞ በቦነስ አይረስ ሶዲየም ሲትሬት የተባለው ጨው ደምን ከመርጋት እንደሚከለክል በሰው ላይ አሳዩ። ሪቻርድ ሌዊሰን በ1915 ትክክለኛውን መጠን ወሰነ፤ ሩስና ተርነር በ1916 ስኳር ጨምረው ደሙ ለሳምንታት እንዲቆይ አደረጉ። ከዚህ በኋላ ሰጪና ተቀባይ ጎን ለጎን መተኛታቸው ቀረ። በ1917 በምዕራቡ ጦር ግንባር ኦስዋልድ ሮበርትሰን ዓይነቱ ተለይቶ የተቀዳ የኦ ደም በበረዶ አኑሮ ለቁስለኞች አደረሰ። በ1937 ደግሞ በርናርድ ፋንተስ በቺካጎ ኩክ ካውንቲ ሆስፒታል ላቋቋመው ማከማቻ «የደም ባንክ» የሚል ስም አወጣለት።

የደም ዓይነት ከወላጅ እንደሚወረስ በ1910 ያሳዩት ኤሚል ፎን ዱንገርንና ሉድቪክ ሂርሽፌልድ ናቸው። ፖላንዳዊው ሂርሽፌልድ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ከባለቤቱ ከሃንካ ጋር በሳሎኒካ ግንባር በሐኪምነት ሲያገለግል፣ ከየአህጉሩ የመጡ ወታደሮች አንድ ቦታ ተሰብስበው አገኘ። ባልና ሚስቱ ከ8,000 በላይ ሰዎችን መርምረው ምድቦቹ በሁሉም ሕዝብ ዘንድ መኖራቸውን፣ ብዛታቸው ግን ከአገር አገር እንደሚለያይ በ1919 አሳተሙ። በሰሜን አውሮፓ ኤ ይበዛል፤ ወደ እስያ በተሄደ ቁጥር ቢ ይጨምራል። በኢትዮጵያም አራቱም አሉ፤ ኦ ይበዛል፣ ኤ ይከተለዋል፣ ኤቢ እጅግ ጥቂት ነው።

ይህን ለክፉ የተጠቀሙበት ነበሩ። በጀርመን ዘረኞች ኤን ለአውሮፓዊነት፣ ቢን ለባዕድነት ማስረጃ ሊያደርጉ ሞከሩ፤ ከአይሁድ ቤተሰብ የተወለደው ሂርሽፌልድ ራሱ በናዚዎች ዋርሶ ጌቶ ውስጥ ተዘጋበት፤ እዚያም ተደብቀው ለሚማሩ ተማሪዎች ሕክምና ያስተምር ነበር። በአሜሪካ ቀይ መስቀል ሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሲመጣ የጥቁሮችን ደም መጀመሪያ አልቀበልም አለ፤ ቀጥሎ ከ1942 እስከ 1950 ከነጮቹ ደም ለይቶ አስቀመጠ። ጥቁር አሜሪካዊው ሐኪም ቻርልስ ድሩ ለብሪታኒያ የሚላከውን ፕላዝማ (የደሙን ፈሳሽ ክፍል) በ1940 ያደራጀ፣ በዘርፉ አቻ ያልነበረው ሰው ነው፤ መለያየቱ ምንም ሳይንሳዊ መሠረት እንደሌለው በግልጽ ተናግሯል። የጥቁሩ ኤና የነጩ ኤ በሰሌዳው ላይ ልዩነት የላቸውም፤ የአንድ እናት ሁለት ልጆች ግን ኤና ቢ ሊሆኑ ይችላሉ።

ኤቢኦ ተስማምቶም የሚሞቱ ሰዎች ነበሩ። በ1937 በኒውዮርክ አንዲት እናት ልጇ በሆዷ ሞቶ ከወለደች በኋላ ደም ስላነሳት የባሏ ደም ተሰጣት። ሁለቱም ኦ ነበሩ፤ ከባል የተሻለ ሰጪ ማን ይገኛል ተብሎም ይሆናል። ሴትዮዋ ግን ብርድ ብርድ አላት፣ እግሯንና ራሷን ቆረጣት፣ ሽንቷ ደም ሆነ። ፊሊፕ ሌቪንና ሩፈስ ስቴትሰን ሴረሟን ሲፈትሹ ከ104 የኦ ደሞች 80ዎቹን አጓጎለ። በ1939 ባወጡት ጽሑፍም ፅንሱ ከአባቱ የወረሰው፣ እናትየው ግን የሌላት አንዳች ነገር በእርግዝናው ወቅት ወደ እርሷ ደም ገብቶ እንዳስቆጣት ገመቱ። በዓመቱ ላንድስታይነርና አሌክሳንደር ዊነር የሪሰስ ጦጣ ቀይ ሕዋሳት ከተሰጣቸው ጥንቸሎች ያገኙት ሴረም ከመረመሯቸው ነጭ ኒውዮርካውያን የ85 በመቶውን ደም እንደሚያጓጉል አስታወቁ። እናትየዋን ያስቆጣው ነገር የተጠራበት አርኤች የሚለው ስም የመጣው ከጦጣው ነው። በ1930 ስለ ኤቢኦ የኖቤል ሽልማት የተቀበለው ላንድስታይነር ያኔ 72 ዓመቱ ነበር፤ ከሦስት ዓመት በኋላ በቤተ ሙከራው ሳለ ልቡ ታሞ በሁለተኛው ቀን ዐረፈ።

በእናትና በፅንሷ ደም መካከል የሚፈጠረው ይህ ችግር በኢትዮጵያ የቆየ ስም አለው፤ ሾተላይ። የፀነሰቻቸው ልጆች ተራ በተራ የሚሞቱባት እናት ሾተላይ አለባት ትባል ነበር፤ ክታብ ታስራለች፣ ጠበል ትጠመቃለች፣ ስለት ትሳላለች። ለሐኪሞች ሾተላይ ማለት አርኤች ኔጋቲቭ የሆነች እናት ፖዘቲቭ ፅንስ ስትሸከም የሚመጣው አለመስማማት ነው። የመጀመሪያው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ በደህና ይወለዳል። በወሊዱ ጊዜ ግን የልጁ ደም ወደ እናትየው ይገባና ሰውነቷ ፀረ እንግዳ አካል ያዘጋጃል። ቀጥሎ ፖዘቲቭ ልጅ ከተፀነሰ ያ ፀረ እንግዳ አካል በእንግዴ ልጅ በኩል አልፎ የፅንሱን ቀይ ሕዋሳት ያወድማል። ልጁ በደም ማነስ በሆዷ ይሞታል፣ ወይም ክፉኛ ቢጫ ሆኖ ይወለዳል። እርግጥ ተደጋግሞ የሚያጋጥም ውርጃ ሁሉ ሾተላይ አይደለም፤ ብዙ ሌላ ምክንያት አለው፤ የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው።

መከላከያው በ1960ዎቹ በሊቨርፑልና በኒውዮርክ በተናጠል ተገኘ። ሐሳቡ ደፋር ነበር፤ እናትየው ራሷ ፀረ እንግዳ አካል እንዳታዘጋጅ፣ ያንኑ ፀረ እንግዳ አካል ከሌላ ሰው ወስዶ አስቀድሞ መስጠት። በመርፌ የገባው ፀረ ዲ ከልጁ ወደ እናቱ ያለፉትን ሕዋሳት ቶሎ ስለሚያጠፋቸው፣ የእናትየው ሰውነት ሳያውቃቸው ያልፋሉ። መድኃኒቱ በ1968 ሥራ ላይ ዋለ። በኢትዮጵያ «የሾተላይ መርፌ» የሚባለው ይኸው ነው፤ በእርግዝናው 28ኛ ሳምንት ገደማና ከወሊድ በኋላ 72 ሰዓት ሳያልፍ ይሰጣል፤ ከውርጃም በኋላ ያስፈልጋል። አንዴ ሰውነቷ ከተቆጣ በኋላ ግን መርፌው አይረዳትም። የእርግዝና ክትትል የጀመረች ሴት በመጀመሪያው ቀን የደም ዓይነቷን የምትመረመረውም ለዚህ ነው። መድኃኒቱ እስከ ዛሬ በአብዛኛው የሚሠራው ከሰዎች ፕላዝማ ነው። አውስትራሊያዊው ጄምስ ሃሪሰን በ14 ዓመቱ ከባድ የደረት ቀዶ ሕክምና ተደርጎለት በሌሎች ሰዎች ደም ተረፈ፤ አዋቂ ሲሆን በደሙ ውስጥ ብርቱ ፀረ ዲ ስለተገኘ እስከ 2018 ድረስ 1,173 ጊዜ ሰጠ።

ታዲያ የዘመድ ደም ይሻላል የሚለው እምነት ዛሬም ብርቱ ነው። በሽተኛ ሲተኛ ወንድም፣ ባል፣ አጎት እጁን ዘርግቶ ይመጣል፤ ፍቅሩ የሚያስመሰግን ነው። ሕክምናው ግን ሌላ ይላል። ገና ልትወልድ ለምትችል ሴት የባሏ ደም ባይሰጣት ይመረጣል፤ የኒውዮርኳ እናት ታሪክ ምክንያቱን ይነግራል። የቅርብ የሥጋ ዘመድ ደምም በጨረር ካልታከመ አልፎ አልፎ ገዳይ የሆነ ችግር ያመጣል፤ በጣም ከመመሳሰሉ የተነሳ የሰጪው ነጭ ሕዋሳት ሳይታወቁ ይተርፉና የተቀባዩን አካል ያጠቃሉ። በኢትዮጵያ የደም ባንክን ከ1969 ጀምሮ ያቋቋመውና ያስተዳደረው ቀይ መስቀል ማኅበር ሲሆን፣ በ2012 ወደ ጤና ሚኒስቴር ተዛወረ። በቀደመው አሠራር ለበሽተኛው የተሰጠውን ደም ቤተሰቡ ይተካ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጥረቱ ደሙ በየሦስት ወሩ በፈቃዳቸው ከሚሰጡ ሰዎች አስቀድሞ እንዲሰበሰብ ነው። ደም እየፈሰሳት ለደረሰች ወላድ ምትክ ሰጪ እስኪገኝ መጠበቅ ማለት ሞት ነውና ይህ ለውጥ ትልቅ ነው። የዓለም የደም ለጋሾች ቀን የሚከበርበት፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር ሰኔ 7፣ ላንድስታይነር የተወለደበት ቀን ነው።

በኤና በቢ መካከል ያለው ልዩነት ሲታይ እጅግ ትንሽ ነው። የቀይ ሕዋሱ ልባስ ላይ ካሉት የስኳር ሰንሰለቶች ጫፍ ላይ የምትቀጠል አንዲት ስኳር ናት፤ በኤ አንድ ዓይነት፣ በቢ ሌላ ዓይነት፤ በኦ ምንም አይቀጠልም። በ1990 ፉሚኢቺሮ ያማሞቶና ባልደረቦቹ በዘጠነኛው ክሮሞሶም ላይ ያለውን ዘረ መል ሲያነቡ፣ የተለመደው ኦ የሚመጣው ከአንዲት ፊደል መጉደል መሆኑን አገኙ። ሰንሰለቱ ራሱ ያልተሟላላቸው ሰዎችም አሉ። በ1952 በቦምቤይ የተገለጠው ይህ ዓይነት በተለመደው ምርመራ ኦ ይመስላል፤ ባለቤቱ ግን የኦ ደም ቢሰጠው ሊሞት ይችላል፤ ከመሰሉ በቀር ከማንም መቀበል አይችልም።

ዛሬ የታወቁት የደም ዓይነት ሥርዓቶች ከ45 በላይ ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ኢትዮጵያን በቅርብ የሚመለከተው በ1950 ደፊ በሚባል ሄሞፊሊያ በነበረበት በሽተኛ ስም የተሰየመው ነው። ሉዊስ ሚለርና ባልደረቦቹ በ1970ዎቹ አጋማሽ፣ ቫይቫክስ የተባለው የወባ ተሕዋስ ወደ ቀይ ሕዋስ የሚገባው የደፊን አንቲጂን ይዞ መሆኑን አሳዩ። የምዕራብ አፍሪካ ሕዝብ ከሞላ ጎደል በሙሉ ይህ አንቲጂን በቀይ ሕዋሱ ላይ ስለሌለው ቫይቫክስ እዚያ ብርቅ ነው። በኢትዮጵያ አንቲጂኑ ያላቸውም የሌላቸውም አብረው ስለሚኖሩ፣ ቫይቫክስ ፋልሲፓረም ከተባለው ሌላ የወባ ተሕዋስ ጎን በስፋት ይገኛል። ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ደግሞ በጅማና በሌሎች አካባቢዎች የተደረጉ ጥናቶች አንቲጂኑ በሌላቸው ሰዎች ደም ውስጥም ቫይቫክስን አገኙ። ተሕዋሱ ሌላ በር አግኝቶ ይሆን ወይስ የደፊ አንቲጂን ጨርሶ ያልጠፋባቸው ወጣት ሕዋሳት አሉ የሚለውን ተመራማሪዎች አሁንም እያጠኑት ነው።